እትዬ ዘነበች እና ጠበል የገባበት ማነጣጠሪያ

ባለፈው ወር ከክፍል ስወጣ አንድ የማላውቀው ሰው ደወለልኝ። ድምፁ የትልቅ ሰው ነው።

«ስልክሽን ከድርጅቱ ነው የሰጡኝ። እትዬ ዘነበች አያነሱም። ማነጣጠሪያዬ ብልጭ ድርግም እያለ አስቸግሮኛል፤ ወዴት ሄደው ነው?» አለኝ።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ዘነበች ከተቀበሩ ገና ሳምንታቸው ነበር። እንዴት ብዬ እንደምነግረው ጨነቀኝ። በመጨረሻ ስነግረው ሰውዬው «ታዲያ አሁን ማን ሊሠራው ነው?» አለ። ወዲያው ደግሞ አፈረና «ይቅርታ እህቴ፣ መጀመሪያ ነፍስ ይማር ማለት ነበረብኝ» አለኝ።

እኔ ግን አልተቀየምኩትም። እትዬ ዘነበች ራሳቸው ቢሰሙት ደስ ይላቸው ነበር። ከነፍስ ይማር በፊት «ማን ሊሠራው ነው» የሚባልለት ሰው ብዙ አይደለም።

ያወቅኋቸው ቴክሳስ፣ ፋርመርስ ብራንች በምትባል ከተማ ውስጥ፣ መጋዘኖች በተደረደሩበት መንገድ ላይ ባለ አንድ ትንሽ ድርጅት ነው። ድርጅቱ ለሽጉጥና ለጠመንጃ የሚሆኑ ርካሽ ማነጣጠሪያዎችን ይሸጣል። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ ይህ ማነጣጠሪያ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ነው። በብረት ፍሬም የቆመ ትንሽ መስታወት አለው፤ ከመስታወቱ ኋላ ደግሞ በባትሪ የምትሠራ ትንሽዬ መብራት አለች። መብራቷ መስታወቱ ላይ ስታርፍ ተኳሹ ቀይ ነጥብ ያያል። ነጥቡን ዒላማው ላይ ማድረግ ብቻ ነው። እኛ ሬድ ዶት እንለዋለን። በጣም ውድ የሆኑ አሉ፤ የእኛው ግን የጥበቃ ሠራተኛውም ሹፌሩም አቅሙ የሚችለው ዓይነት ነበር። ርካሽ ስለሆነም ብዙ ተመላሽ ነበረው። ተመላሹን የምንጠግነው እኔና እትዬ ዘነበች ነበርን። ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ስለነበር ኮሌጅ እስክገባ ድረስ ከማንም ሰው ፊት በላይ ያየሁት የእሳቸውን ፊት ነው።

አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ስድሳውን ያለፉ ሴት ነበሩ። ኤሲው ስለሚበርዳቸው ክረምት ከበጋ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ። አንድ መነጽር ዓይናቸው ላይ፣ ሌላ አጉልቶ የሚያሳይ ደግሞ ግንባራቸው ላይ አለ። ወጣት ሳሉ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ካሜራ ይጠግኑ ነበር። ይህንንም ለሰው ሁሉ ይናገራሉ። ትሕትና የሚባለው ነገር አልፈጠረባቸውም። «ፒያሳ ካሜራው ተበላሽቶበት እኔን የማያውቅ ፎቶ አንሺ ካለ፣ እሱ ፎቶ አንሺ አልነበረም» ይሉ ነበር። ሠርተው በጨረሱት ማነጣጠሪያ ሆድ ዕቃ ላይ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ በመርፌ ጫፍ «ዘ» ብለው ይጭራሉ። አንድ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንድ ሰው «ድርጅቱ አሳምሮ ሠራልኝ» ሲል ሰምተው ከቆሙበት ሰልፍ ወጥተው ሄዱበት። «ድርጅቱ እጅ የለውም። እኔ ነኝ የሠራሁልህ» አሉት።

የተበላሸ ዕቃ ሲመጣላቸው ከመፍታታቸው በፊት ጆሯቸው ሥር አድርገው ቀስ ብለው ይነቀንቁታል። ከዚያ እንደ ሕፃን ያናግሩታል። «እህ፣ ምን ሆንክ አንተ? ማን አስቀየመህ?» ብዙ ጊዜ መልሱ ቀላል ነው፤ ሽጉጥ በተተኮሰ ቁጥር ስለሚመታ ባትሪው ከቦታው ትንሽ ይሸሻል፣ ነጥቡም ይጠፋል። እሳቸው ከስሱ የነሐስ ቅጠል ቆርጠው፣ አጉብጠው፣ ከባትሪው ሥር ይከቱለታል። ነሐሱ እንደ ስፕሪንግ ባትሪውን ገፍቶ ይይዘዋል። እንግዲህ በርካሽ የተገዛው ዕቃ ከዚያ በኋላ እንደ ውዱ ይሠራል።

የድርጅቱ ባለቤት የቴክሳስ ሰው ነው፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ችኩል። አንድ ቀን የተመላሽ ሳጥኑን እያየ ይህን ሁሉ ከመጠገን ጥሎ አዲስ መላክ እንደሚሻል ነገረን። እትዬ ዘነበች ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው አንዱን ማነጣጠሪያ አፍንጫው ሥር ያዙለት።

«ኖ ዴድ!» አሉት። «አንግሪ!»

ሰውዬው ግራ ገባውና ወደ እኔ ዞረ። እሳቸው በአማርኛ ሁልጊዜ የሚሉት «ይሄ አልሞተም፤ አኩርፏል» ነው። የተበላሸ ነገር ሁሉ ለእሳቸው ያኮረፈ ነው፤ የሚጠበቅብን ምን እንዳስከፋው ማወቅና ማስታረቅ ብቻ ነው። ይህን ስነግረው ባለቤቱ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ሳጥን «አንግሪ ቦክስ» ይለው ጀመር፤ ስለ መጣልም ዳግመኛ አላነሳም።

እኔን ሲያስተምሩ አይቆጡም፤ ይቀልዳሉ። ብሎን ሳጠብቅ ስቸኩል ካዩ «አንቺ ሕይወት፣ ችኮላሽን እዚያ ከኮትሽ ጋር ስቀዪው» ይሉኛል። ብሎኑ ላይ ማጣበቂያ ጠብ ሳደርግ ካበዛሁ ደግሞ «ወጥ እየጨለፍሽ ነው እንዴ?» ነው።

በምሳ ሰዓት የአበሻ ደንበኞች ይመጣሉ። አብዛኞቹ በጥበቃ ሥራ የሚተዳደሩ ናቸው። እትዬ ዘነበች አንድ የማይነቃነቅ ደንብ ነበራቸው፤ ሽጉጥ ወደ ጠረጴዛቸው አይቀርብም። «መኪናህ ውስጥ ቆልፍበትና መስታወቱን ብቻ ይዘህ ና።» እሳቸው በሕይወታቸው አንድም ጥይት ተኩሰው አያውቁም፤ ሲተኮስ ቀርበው ሰምተውም አያውቁም። አንዱ ደንበኛ «እትዬ፣ ሳይተኩሱ እንዴት ሥራውን አወቁት?» ቢላቸው «ፎቶ መነሳት ሳልወድ ካሜራ ስሠራ ኖሬ የለ?» አሉት።

ከደንበኞቹ አንዱ ጋሽ ሙላት ነበሩ። ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ መጋዘን ሽጉጥ ታጥቀው የሚጠብቁ፣ ጸጥ ያሉ ሰው ናቸው። የታጠቀ ጥበቃ በየጊዜው የተኩስ ፈተና ማለፍ አለበት። የጋሽ ሙላት ዓይን እየደከመ ሄዶ፣ የሽጉጡ አፍ ላይ ያለችው ማነጣጠሪያ ብረት ጭጋግ ሆነችባቸው፤ ባለፈው ፈተና ወደቁ። ሱፐርቫይዘራቸው ሬድ ዶት እንዲያስሩ ፈቀደላቸውና አንድ ዕድል ሰጣቸው። ያንን ካላለፉ ወደ ግማሽ ቀን ሥራ ይወርዳሉ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ደግሞ ኢንሹራንስ የለውም። ባለቤታቸው ወይዘሮ አበራሽ የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉት በእሳቸው ኢንሹራንስ ነበር። ጋሽ ሙላት ይህን ሲነግሩን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። የያዙትን ኮፍያ ግን ጠመዘዙት።

መጀመሪያ የመጡ ቀን ቅሬታቸው ስለ ነጥቡ ነበር።

«እትዬ፣ ነጥብ ነው ብለው ሸጡልኝ። እኔ የማየው ግን ኮከብ ነው። እሾህ ያለው ኮከብ።»

እትዬ ዘነበች ተመለከቱበትና ለእኔ አቀበሉኝ። «ምን ይታይሻል?»

«ነጥብ» አልኩ።

«በል እንግዲህ፣ ያኮረፈው ዓይንህ ነው። እሱን ደግሞ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አልፈታውም።»

ጋሽ ሙላት ሳቁ፤ ግን ዓይናቸው አልሳቀም። እትዬ ዘነበችም አይተዋቸዋል። መብራቷ ዝቅተኛው ድምቀቷ ላይ ስትሆን እንኳ ለጋሽ ሙላት ዓይን በጣም ደማቅ ስለነበረች ነው ብርሃኑ የሚበታተነው። በማግስቱ እትዬ ዘነበች ከቤታቸው አንድ የድሮ ኔጋቲቭ ፊልም ይዘው መጡ። ከፊልሙ ጠርዝ፣ ምስል ከሌለበት ግራጫ ቦታ፣ ከምስር ክክ የማትበልጥ ቁራጭ ቆርጠው መብራቷ ፊት ለጠፉ። ጋሽ ሙላት አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ ጠቆር ያለ ለጠፉ። አሁንም ኮከብ። በጣም ጠቆር ያለውን ሲለጥፉ ጋሽ ሙላት ማነጣጠሪያውን ከዓይናቸው ሳያነሱ ቆዩ።

«ሰበሰበው» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን ነጥብ ሆነ።»

«ማን ሠርቶት!» አሉ እትዬ ዘነበች። «በል፣ ከፈተናው በፊት አዲስ ባትሪ አስገባበት። ባረጀ ባትሪ ፈተና አይገባም።»

ነገሩ የተበላሸው በዚህች ምክር ነው።

የፈተናው ዋዜማ ልደታ ነበር። በምሳ ሰዓት ጋሽ ሙላት ማነጣጠሪያውን በፕላስቲክ ከረጢት ይዘው መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ጠፋ» አሉ። «ጭራሽ አይበራም።»

እትዬ ዘነበች ጆሯቸው ሥር አድርገው ነቀነቁት። ግንባራቸው ተቋጠረ። «ውሃ ገብቶበታል። ዝናብ የለ፣ ወዴት ወስደኸው ነው?»

ጋሽ ሙላት የሆነውን ነገሩን። እንደታዘዙት ጠዋት ባትሪውን ሊቀይሩ ማነጣጠሪያውን ከሽጉጡ ላይ ፈትተው፣ ሽጉጡን ቆልፈውበት፣ ማነጣጠሪያውን ሆዱ እንደተከፈተ ጠረጴዛ ላይ ትተው ሊታጠቡ ገቡ። ወይዘሮ አበራሽ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል ይዘው ተመለሱ። እንደ ልማዳቸው ቤቱን ረጩ፣ የመኪናውን ቁልፍ ረጩ፣ ለነገ የተዘጋጀውን ዩኒፎርም ረጩ። ጠረጴዛው ላይ ማነጣጠሪያውን ሲያዩት ደግሞ፣ ባላቸው የሚፈተኑበት እሱ መሆኑን ያውቃሉና፣ በስመ አብ ብለው አጠገቡት። ጋሽ ሙላት ይህን ያወቁት ከመታጠቢያው ሲወጡ ዩኒፎርሙም ጠረጴዛውም ረጥቦ ስላገኙ ነው።

«ሳታውቅ ነው» አሉ ጋሽ ሙላት። ከዚያ በድንገት ቁጣው መጣ፤ ስልካቸውን አወጡ። «አሁን ኮል አድርጌ ልንገራት! ምን እንዳደረገች ትወቀው! ስንት ጊዜ ኤሌክትሮኒክስ አትርጪ ብያታለሁ!»

«ስልኩን አስቀምጥ» አሉ እትዬ ዘነበች።

«እትዬ፣ እርስዎ አይገባዎትም...»

«አስቀምጥ አልኩህ ሙላት። ነገ ከሰዓት ለእጥበት የምትተኛው እሷ አይደለችም? እዚያ ማሽን ላይ ተጋድማ ‹ባሌን እንጀራውን የቆረጥኩበት እኔ ነኝ› እያለች እንድትውል ነው የምትፈልገው? ከተናደድክ እኔን ስደበኝ። ባትሪ ቀይር ያልኩህ እኔ ነኝ። ደግሞ እኔ እመልስልሃለሁ።»

ጋሽ ሙላት ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ።

እኔ ለመርዳት ብዬ የአየር መንፊያውን ጎማ አነሳሁ። ውሃ የገባበት ዕቃ ሲመጣ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ በአየር እንነፋዋለን፣ ውሃው ይፈናጠራል፣ አበቃ። እትዬ ዘነበች እጄን ያዙኝ።

«እንዳትነፊው!»

«እትዬ፣ ውሃውን ላስወጣው ብዬ ነው።»

«ጠበል ነው እኮ። ወለሉ ላይ ልትረጪው ነው? እግር ሊረግጠው?»

ጋሽ ሙላት ሊያለቅሱ ደረሱ። «እትዬ፣ በእመቤታችን! ፈተናው ነገ ጠዋት ነው!»

«ጠበሉ ምን አጠፋ?» አሉ እትዬ ዘነበች። «በክብር ነው የገባው፣ በክብር ይወጣል።»

ንጹሕ ብርጭቆ አስመጡኝ። ጥጥ በጣታቸው ጠምዝዘው እንደ ክር አቀጠኑና በባትሪው ቤት ጥግ አስገቡት። ጥጡ ውሃውን ሲጠጣ አወጡት፣ ብርጭቆው ውስጥ ጨመቁት፤ ሌላ ጠመዘዙ። እንዲህ እያሉ ጠብታ በጠብታ አወጡት። ጋሽ ሙላት ይቆማሉ፣ ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ቀና አላሉም። ሲጨርሱ በብርጭቆው ሥር የተጠራቀመችውን ጠበል መስኮቱ ላይ ያለችው የጤና አዳም ማሰሮ ውስጥ አፈሰሱ፤ እዚያ ማንም አይረግጣትም። ጥጡን ደግሞ በወረቀት ጠቅልለው ቤታቸው ሊያቃጥሉት ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ከዚያ ክዳኑን ሲፈቱ የሆነውን አየሁ። ወደ መብራቷ የምትሄደው ሽቦ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ በአንድ በኩል ተላቅቆ ነበር። ውሃው እዚያ ደፍ ላይ ደርሶ ቆሟል። ብነፋው ኖሮ ወደ ውስጥ እገፋው ነበር፤ መብራቷም ለዘላለም ትሞት ነበር። እትዬ ዘነበች ይህን አስቀድመው አላወቁም፤ አወቅሁ ብለውም አላሉም። ጠበሉን ስላከበሩ ብቻ ዕቃው ተረፈ። ዛሬ ስለ ኤሌክትሪክ ስማር ይህቺ ቀን ብዙ ጊዜ ትመጣብኛለች።

የቀረው የለመድነው ሥራ ነበር። የባትሪው መንኪያ አረንጓዴ ዝገት ጀምሮት ነበርና በላጲስ ፈተግነው፣ በአልኮል አጠብነው። ያበጠችውን የፊልም ቁራጭ በአዲስ ተኩ። የተላቀቀውን ማሸጊያ መለሱ፤ ከሥሩ ደግሞ ከጎማ ጓንት የተቆረጠ ቀጭን ክፈፍ አነጠፉለት፣ ዳግመኛ ውሃ እንዳያሳልፍ። ባትሪው ገባ። ነጥቡ በራ። የሽጉጥ ምት እንዲመስል ቆዳ በለበሰ እንጨት ላይ ደጋግመው ቢያጋጩትም ብልጭ ድርግም አላለም።

«ታርቋል» አሉ፤ «ዘ»ቸውንም ጫሩበት።

ጋሽ ሙላት ተቀበሉት፤ ግን አልሄዱም። «እዚያ ሄዶ ቢያኮርፍብኝስ?»

እትዬ ዘነበች ግንባራቸው ላይ ያለውን መነጽር አወለቁ። «እመጣለሁ» አሉ። እኔና ጋሽ ሙላት ተያየን። የተኩስ ነገር በሩቁ የሚሉት ሴት ናቸው።

በማግስቱ የድርጅቱን ባለቤት አስፈቅደን በእኔ መኪና ሄድን። የተኩስ ቦታው ግሬፕቫይን ከምትባለው ከተማ ብዙ አይርቅም። ፓርክ አድርጌ በሩን ስከፍት ገና ከውጭ ድምፁ ተሰማ። እትዬ ዘነበች የመፍቻዎቻቸውን ቆርቆሮ ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ፤ ወደ ኋላ ግን አላሉም። ውስጥ የጆሮ መከለያ ሰጡን፤ እሳቸው ነጠላቸውን ተከናንበው ከላዩ አጠለቁት። ከወፍራሙ መስታወት ኋላ ቆምን።

ማነጣጠሪያው ተፈትቶ ስለታሰረ ጋሽ ሙላት ከፈተናው በፊት ማስተካከል ነበረባቸው። ጥቂት ተኩሰው ወረቀቱን ይዘው ወደ እኛ ወጡ። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ወደ ግራ ሄደዋል።

«እንዲህ እየመታ እወድቃለሁ» አሉ።

«ተሰብስቦ ነው የመታው አይደል? እንግዲያው ዓይንህ ታርቋል ማለት ነው። የቀረው ይቺ ናት።» እትዬ ዘነበች ትንሿን መፍቻ ሰጧቸው። «የጎኑን ብሎን ወደ ቀኝ በሚለው ምልክት በኩል ቀስ ብለህ አዙረው። ጠቅታው በጆሮህ አይሰማህም፤ በጣትህ ነው የሚሰማህ።»

ጋሽ ሙላት ተመለሱ፤ አስተካከሉ። ፈታኙ መጣ፤ ፈተናው ተጀመረ። እትዬ ዘነበች ዒላማውን አላዩም። የእጄን አንጓ ይዘው በተተኮሰ ቁጥር ይበረግጋሉ፤ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ይጮኻሉ።

«በርቷል?»

«ከዚህ አይታይም እትዬ!»

«ወጣት ዓይን ይዘሽ!»

ሲያበቃ አንጓዬ ቀልቶ ነበር። ፈታኙ ወረቀቱን ሲያይ፣ ሲያይ፣ የጋሽ ሙላትን ትከሻ መታ አደረገ። ጋሽ ሙላት በሩን ከፍተው ወጡ። «አለፍኩ» አሉ።

«ነጥቡስ?» አሉ እትዬ ዘነበች መጀመሪያ።

«ከቦታው አልተነቃነቀም።»

እትዬ ዘነበች ዞረው እዚያ አዳራሽ ያለውን ሰው ሁሉ አዩ። እንደማውቃቸው ከሆነ፣ ፒያሳ ላይ ማን እንደነበሩ ለቴክሳስ ሰዎች ሊያስረዱ ነው ብዬ ለማስተርጎም ተዘጋጀሁ። ቢያደርጉትም ደስ ይለኝ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ከእሳቸው በላይ እኔ ኮርቼ ነበር።

ጋሽ ሙላት ግን ስልካቸውን አወጡና ቤታቸው ደወሉ። ድምፁን ከፍ አደረጉት። «አበራሽ፣ አለፍኩ።»

ከስልኩ ውስጥ እልልታ ወጣ። አንድ የዒላማ ወረቀት የሚገዛ ሰው ዞሮ አየን።

«አላልኩህም!» አሉ ወይዘሮ አበራሽ እያለቀሱ። «ጠበሉ ነው! ትናንት ያን መስታወትህን ረጭቼልህ ነበር እኮ፤ አልነገርኩህም። ጠበሉ ነው የረዳህ!»

ጋሽ ሙላት ስልኩን እንደያዙ እትዬ ዘነበችን አዩ። እኔም አየኋቸው። ሥራቸውን ለድርጅት እንኳ አሳልፈው የማይሰጡ ሴት፣ «እኔ ነኝ የሠራሁልህ» ሳይሉ አንድ ዕቃ ከእጃቸው ወጥቶ የማያውቅ ሴት ነበሩ። ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ።

«እንኳን ደስ ያለሽ አበራሽ። ዘነበች ነኝ፣ የሙላት የሥራ ወዳጅ» አሉ። «አዎ፤ ጠበሉ ነው።»

ስልኩ ሲዘጋ ጋሽ ሙላት ዞረው ትኩር ብለው አዩዋቸው።

«ምን ታየኛለህ?» አሏቸው እትዬ ዘነበች። «ከእኔ በፊት ዕቃው ውስጥ የገባው እሱ ነው።» ቆርቆሯቸውን አንስተው ቀድመውን ወደ መኪናው ሄዱ።